ዳታው እስኪጠይቅ

ሰርካዲስ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ለዶክትሬቷ በኮምፒውተር የምትቀምረው ዓለም እንደ ማር ዝልግልግ በሆነ ፈሳሽ የተሞላ ነው። ማር ሲያፈሱት ይጎተታል፤ የእሷ ፈሳሽ ግን ህዋው በተለጠጠ ቁጥር ጭራሽ መስፋፋቱን ያፈጥነዋል። ይህን ደብረ ብርሃን ላሉት እናቷ በስልክ ብታስረዳቸው፣ «እሱስ ይሁን፣ የሚያጫውትሽ ሰው አለ?» አሏት።

ነበረ። መድሃኔ ይባላል፤ የመቀሌ ልጅ፣ ቢሮ የሚጋራት አስተማሪ። የተግባቡት የእሷ ዓለም አልፋጠን ብሎ ሳምንት ሙሉ ባስለቀሳት ጊዜ ነው። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየና፣ «ዝልግልግነቱን ለሙከራ ዜሮ አድርገሽ ረስተሽዋል» አላት። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረው፣ ወደ ሓድነት ሰፈር በታክሲም አብረው። ቤቷ ስትገባ ግን ብቻዋን ናት። ጎረቤቶቿ በትግርኛ ሲጨዋወቱ በግድግዳው ማዶ ትሰማለች፤ የሚያስቃቸው ነገር አይገባትም።

መድሃኔ አንድ ጠባይ አለው፤ ዳታው ካልጠየቀ በስሌቱ ላይ ምንም አይጨምርም። ለሳይንስ ደግ ጠባይ ነው። ለፍቅር ግን መከራ ነው።

«ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው አንድ ቀን። «መልሴን እየጠበቁ ነው።»

ቅሪ እንዲላት ብቻ ነበር የፈለገችው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

እሱ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ደስ ይላል፣ ሰርኪ። ለወላጆችሽም ቅርብ ነው።»

በማግሥቱ የሥራ ውሉን ፈረመች።

የመመረቂያ ጥናቷን ያቀረበች ዕለት አንድ ፈታኝ፣ «ዓለም እንዲህ እየተፋጠነ ከሰፋ፣ እኛስ ለምን አንበታተንም?» ሲሉ ጠየቋት።

«እርስ በርሱ ተሳስቦ የተያያዘውን አይለየውም» አለች። «የሚያርቀው ያልተያያዘውን ነው።»

ይህን ስትል ዓይኗ ከኋላ ወንበር መድሃኔ ላይ አረፈ። አቀረቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ቅሪ ብልሽ ኖሮ ትቀሪ ነበር?»

«እቀር ነበር። ለምን አላልከኝም?»

«መቅረት እንደምትፈልጊ ምንም ምልክት አላየሁም። እየጠበቅኩ ነበር፣ ብሓቂ፣ እውነቴን ነው።»

«እኔም አንተን እየጠበቅኩ ነበር።»

ተማሪዎች አበባ ይዘው መጡና ለፎቶ ከበቧት። «ጠጋ በሉ» ሲባል መድሃኔ ጠጋ አለ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካ። ፎቶው አልቆ ሌላው ሁሉ ሲበተን ሁለቱ እንደተጠጋጉ ቆሙ። የምትሄድበት አውሮፕላን የሚነሳው በማግሥቱ ጠዋት ነበር።