የአሮጌው ቋንቋ የመጨረሻ ጠዋት

ሟቹ በምድር ቤቱ የሰርቨር ክፍል በደረቱ ተደፍቷል። ከላይኛው መደርደሪያ ተገፍቶ ማጅራቱን የመታው ባትሪ አጠገቡ ወድቋል፤ ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ቢያነሱት ሦስተኛው ወገቤን የሚልበት ዓይነት ባትሪ ነው። ማራገቢያዎቹ እንደ አውሮፕላን ይጮኻሉ። እዚያ ውስጥ መድፍ ቢተኮስ ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ዓይኑን አያርገበግብም።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ትክክለኛ ስሟን እናቷም የረሳችው ይመስላል። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ ያመለጣት ነፍሰ ገዳይ የለም። አንድ አለ ከተባለም ገና አልተወለደም።

«ያለቀ ጉዳይ ነው፣ እመቤቴ» አላት ሳጅኑ። «ገዳዩን በካቴና አስሬዋለሁ። መኪናው ሞተሩ ተነስቶ እየጠበቀ ነው።»

«ማነው?»

«ፕሮግራም ጸሐፊው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሟቹ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቋል። ሦስት ሰዓት ላይ ሲጮህ ተሰምቷል። እጁ ላይ ደም አለ። ከዚያ በኋላ የት እንደነበር አየሁት የሚል ሰው የለም። ምን ቀረኝ?»

«ሞተሩን ማጥፋት» አለችው።

ሟቹ ስልኮች የሚሠሩበትን ሥርዓት የፈጠረው ትልቅ ኩባንያ ወኪል ነው። ኩባንያው ፕሮግራሞች ሲጻፉበት የኖረውን አሮጌ ቋንቋ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም ብሏል። እስከ መዝጊያው ሰዓት ታድሶ የተጫነ ፕሮግራም አንድ ዓመት ይሰነብታል፤ ያልተጫነው ከነገ ጀምሮ ዲዳ ይሆናል። ላይኛው ፎቅ ያሉት አራት ሰዎች ደግሞ በዚያ ቋንቋ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ሲሠሩ አሥር ዓመት ሞላቸው።

መርፌ የሟቹን ስልክ አየች። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ለሚስቱ መልእክት ልኳል። ሬሳው የተገኘው አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ከቦርሳው አንድ ደብዳቤ አወጣች፤ ለዚህ ቤት አለቃ የተጻፈ የመዝጊያ ማስጠንቀቂያ ነው። የተጻፈው ከስምንት ወር በፊት ነው። ቀኑን ሁለቴ አየችና ኪሷ ከተተችው።

ላይ ስትወጣ ግድግዳው ላይ፣ የክንድ ርዝመት ባላቸው ቀይ ፊደላት «መዝጊያ፦ ዛሬ አራት ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ተቀበላት። ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ ሳጅኑ አራቱን እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ አስጠብቋቸዋል፤ መርፌም ለየብቻ አናገረቻቸው።

ሰዓሊው የፕሮግራሙን ምስሎች የሚሠራ ቀጭን ሰው ነው።

«ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ከደንበኛ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። «'ሰማያዊው ትንሽ ደስ ይበለው' እያለ ያደርቀኛል። ሰማያዊ እንዴት ነው ደስ የሚለው?»

«ጩኸት ሰምተሃል?»

«ጆሮዬ በማዳመጫ ተደፍኖ እንኳ ሰምቻለሁ! ደንበኛውም ከዚያ ማዶ ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ።»

ቀጥላ የገባችው የታሳሪው እህት ናት፤ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ፈታሽ ነኝ። ወንድሜ ይጽፋል፣ እኔ ስህተቱን እለቅማለሁ። በልጅነታችንም እንዲሁ ነበርን፤ አሁን ደሞዝ ተጨመረበት።» ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ። «ሲጮህ ሮጬ ሄድኩ፤ ነገረኝና ወጣ። እኔ እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ሃምሳ ደቂቃ አወራን። ዓይነ ስውር ናት። የመድኃኒቷን ወረቀት ሳይቀር የሚያነብላት ይሄው ፕሮግራም ነው። ከዚያ እሱን ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ… እሱ ሰው አይገድልም፣ እትዬ። ሸረሪት እንኳ በብርጭቆ ይዞ ነው የሚያስወጣው።»

«ቋንቋው እንደሚዘጋ መቼ ሰማችሁ?»

«ከአርባ ቀን በፊት። ጋሼ፣ አለቃችን፣ እንደሰሙ ወዲያው ነገሩን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።»

ወንድምየው ካቴናውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«እጅህን ምን ነካው?»

«ጠረጴዛውን መታሁት። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ዘጉብኝ! ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።» ቀና አለ። «ሰውየውን ጠዋት አንቄዋለሁ፣ አልዋሽም። አሥር ዓመቴን በአንድ መስመር ደብዳቤ ሲደመስሱት ምን ላድርግ?»

በመጨረሻ አለቃው ገባ። ላቡን በነጭ መሐረብ እየጠረገ ነው።

«ቢሮዬን ዘግቼ የራሴን ሦስት አሮጌ ፕሮግራሞች እየጫንኩ ነበር። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛውን ስል አራት ሰዓት ድፍን አለና በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። አለቀስኩ፣ እመቤቴ።»

«አራት ሰዓት? በትክክል?»

«ግድግዳው ላይ በእጄ የጻፍኩት እኮ ነው!»

«ጩኸት ሰምተዋል?»

«የምን ጩኸት?»

መርፌ ከኩባንያው ጋር ግማሽ ሰዓት በስልክ አወራች። ከዚያ ሁሉንም ቀዩ ጽሑፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«ኩባንያው በሩን የዘጋው በእሱ አገር እኩለ ሌሊት ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «እናንተ አስልታችሁ አራት ሰዓት አላችሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ። እሑድ ዕለት እነሱ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፉት። የእኛ ሰዓት አይገፋም። ስለዚህ ዛሬ በሩ የተዘጋው በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማሽን ላይ የነበረ ሰው ይህን ያኔውኑ አውቆ ጠረጴዛ መትቷል።»

እህትየው ቀስ ብላ ወደ አለቃው ዞረች።

«እርስዎ ግን አራት ሰዓት ላይ ተዘጋ አሉኝ» አለችው መርፌ።

«ሰዓቴ… ሰዓቴ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ሰዓት ይሳሳታል። ዛሬ ከዚህ ቤት የኩባንያውን በር ያንኳኳው ማሽን ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከተዘጋ በኋላም አርባ አንድ ጊዜ አንኳኳ። የዚህ ልጅ ነው። የእርስዎ ማሽን አንዴም አልነካውም። ጩኸቱን ደግሞ ጆሮው የተደፈነ ሰዓሊ ሰማ፣ ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ ሰማ፤ ከግድግዳ ወዲያ ነበርኩ የሚሉት እርስዎ አልሰሙም። በዚህ ቤት ጩኸት የማይሰማበት ክፍል አንድ ነው። እዚያ የወረዱት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ከወኪሉ ጋር።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

መርፌ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ለእነዚህ ልጆች የነገሯቸው ከአርባ ቀን በፊት ነው። ደብዳቤው የደረሰዎት ግን ከስምንት ወር በፊት ነው። ኩባንያው አንብበው የፈረሙበትን በስልኬ ልኮልኛል። ወኪሉ ይህን ወረቀት ሊያሳይ ያሰበው ጠዋት አንገቱን ያነቀው ሰው እውነቱን እንዲያውቅ ነው።»

መሐረቡ ከአለቃው እጅ ወደቀ።

«በየዓመቱ እንዘጋለን ይላሉ፣ በየዓመቱ ያራዝማሉ!» ብሎ ጮኸ። «ሦስት ጊዜ አራዝመዋል! ዘንድሮም ያራዝማሉ ብዬ… ብነግራችሁ ጥላችሁኝ ትሄዱ ነበር። በኋላ ደግሞ ለመንገር አፈርኩ። ለመንኩት እኮ! 'ወጥቼ እነግራቸዋለሁ' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ…»

ሳጅኑ ካቴናውን ከልጁ ፈትቶ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ ለሌላ እጅ አዋለው።

ወንድምየው ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እያየ ቆመ።

«ሦስት ወር ይበቃኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ። «በአዲሱ ቋንቋ ከሥሩ እጽፈው ነበር።»

«አራት» አለች እህቱ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ፍተሻውን ረስተኸዋል።»

አለቃው አንገቱን ደፍቶ ከሳጅኑ ጋር ወጣ። ልጁ ወንበሩን ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠና ባዶ ገጽ ከፈተ። ጣቶቹ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«እነዚህን አራት ወራት ለእማዬ ማን ያነብላታል?»

«ጠዋት አንተ፣ ማታ እኔ» አለችው። «ድምፅህ ከማሽኑ የባሰ ነው። እሱንም እፈትሸዋለሁ።»