አንቱ የተነፈጉት ተራራ

በሐርማዝ ምድር አዲስ ንጉሥ በነገሠ ማግስት፣ አዋጅ ነጋሪው የበረሃውን ተራሮች እየዞረ እጅ ይነሳል። ተራሮቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ሰንሰለታቸውን ደህና ግመል በቁርስና በምሳ መካከል ትጨርሰዋለች። በምሥራቅ መዳብ የሚመስሉት ቀርናስ፣ ቀጥሎ አንድ ገደል እንደ ጎረቤት አጥር የሚጋሩት ሁለቱ እህትማማቾች፣ በምዕራብ ጫፍ ደግሞ ሶላቅ። ሶላቅ ፍየል ሳታለከልክ የምትወጣቸው ተራራ ናቸው፤ የነፋሱን በር የሚዘጉት ግን እሳቸው ነበሩ።

አዋጅ ነጋሪው ጎምዛር ረጃጅሞቹን «አንቱ» እያለ እጅ ነሣ። ሶላቅ ዘንድ ሲደርስ ቁመታቸውን አየና፣ «አንተስ፣ እንዴት ነህ?» አለ።

ሲነጋ ሶላቅ በቦታቸው የሉም።

በክፍተቱ ድርማል ገባ፤ ዓይን የሌለው፣ ሆዱ የማይሞላ የአሸዋ አውሬ። በመንገዱ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ቤት የወይዘሮ ሲሃቤት ናት። እግራቸው ተሰብሯልና መሸሽ አይችሉም።

ልጃቸው ታልመራ ጦሯን ደጃፉ ላይ ተክላ ማለች፦ «ተራራውን ሳልመልስ ብመለስ፣ ውሃ ይጥማኝ፤ ጥላዬም ይካደኝ!»

«አንቺዬ፣ መሐላው ይቆይና ውሃ ያዢ» አሉ እናቷ። «ያንንም አዋጅ ነጋሪ ይዘሽው ሂጂ፤ እዚህ ተቀምጦ ሌላ ተራራ ሳያስቀይም።»

ሁለቱ የሶላቅን ዱካ ተከተሉ፤ እያንዳንዱ ዱካ የደረቀ ሐይቅ ያህል ነው። ታልመራ ዞር ባለች ቁጥር ከቤታቸው በላይ ያለው አቧራ ወፍሯል።

«ተራራ ያኮርፋል ብሎ ማን ያስባል?» አለ ጎምዛር።

«አጭር ሰው አያውቁም ማለት ነው፣ ጋሼ።»

ሶላቅን ጨው ሜዳ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው አገኟቸው። ጎምዛር እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«መጀመሪያ ዘመዴን ከትከሻህ አውርደው» አሉ ሶላቅ። ከዚያ ወደ ታልመራ ዞሩ። «አንድ ‹አንተ› ተወርውሮብኛል። ካሣው አንድ ‹አንቺ› ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺን ‹አንቺ› የሚል አንደበት አይኖርም፤ የእናትሽም ቢሆን። ትሰጪኛለሽ?»

ጎምዛር ሳቀ። «ይህማ ሹመት ነው እንጂ ምን ካሣ አለው!»

ታልመራ አልሳቀችም። ወደ አቧራው ተመለከተች። «ይውሰዱት» አለች።

ሶላቅ ተነሡ። ምድር እየተናጠች ሄደው በድርማል አንገት ላይ ተቀመጡ፤ አውሬው አንዴ አጓርቶ ተራ አሸዋ ሆነ። የነፋሱ በር ተዘጋ።

አሸዋው እስከ መስኮት በደረሰበት ቤት ውስጥ ወይዘሮ ሲሃቤት እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«አን…» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ደግመው ሞከሩ። «አን…»

እንባቸው ወረደ።

«አንቱ» አሉ በመጨረሻ። «እንኳን ደህና ገቡ። ይቀመጡ።»

ታልመራም በእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ።