የታጠበው የብር ዶላር

ግራጫዋ ቫን ከዴይተን ከተማ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ትከንፋለች። ሎይድ በሦስት መኪና ርቀት ይከተላታል።

እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

«አትጠጋ፣» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጋርላንድ። «የተበሳው ጎማ ራሱ ያቆማቸዋል።»

ጋርላንድ ከሳንቲም ኤግዚቢሽን የሚወጡ ነጋዴዎችን መንገድ ላይ የሚዘርፍ ቡድን አለቃ ነው። ሎይድን የሚያውቀው «ዴል» በሚል ስም ነው። አምስት ወር የነዳለት፣ ብዙ የማያወራ፣ የሚታመን ሹፌር። የሹፌሩ ቀበቶ ውስጥ ማይክ እንዳለ ግን አያውቅም።

ቫኗን የሚነዳው ኤቨረት የሚባል የጥንት ሳንቲም ነጋዴ ነው። ከጎኑ ያለችው ሊኦና ደግሞ ረዳት ነኝ ብላ የተጠጋችው፣ እንደ ሎይድ ሁሉ የፖሊስ ምርመራ ቢሮ ሰላይ ናት። የምስጢር ስሟ «ስንዴ» ነው። ከሎይድ ጋር ባልና ሚስት ሆነው ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል።

ትከሻዋ ተርገፈገፈ። እየሳቀች ነው።

ከእሱ ጋር እንዲህ የሳቀችበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ። አልመጣለትም።

የቢሮው ትእዛዝ አጭር ነበር። ስርቆቱ ይፈጸም። ዕቃውን ተከተል። «አጎት»ን አግኝ።

አጎት፣ የትኛው ነጋዴ ምን ይዞ በየት በኩል እንደሚሄድ ለጋርላንድ በስልክ የሚነግረው ሰው ነው። ጋርላንድም ቢሆን የሚያውቀው ድምፁን ብቻ ነው። ሎይድ ግን ሰውየውን የደረሰበት መስሎታል። ኤቨረት ነው። ሌሎቹን ሲያዘርፍ ከርሞ አሁን የገዛ ሻንጣውን አሰርቆ ኢንሹራንስ ሊበላ ነው። ለዚህ ምንም ማስረጃ አልነበረውም። የሰውየው መልከ መልካምነት በቂው ነበር።

ቫኗ ወደ ቀኝ አዘነበለች። አንድ ምግብ ቤት ፓርኪንግ ገብታ ቆመች።

«ሂድ፣ ደግ ሰው ሁን፣» አለ ጋርላንድ።

ሎይድ ክሪኩን ይዞ ወረደ።

«ወንድም፣ ጎማህ ተንፍሷል።»

«አየሁት ባክህ! ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የነፋሁት።»

«ና፣ ልርዳህ።»

ኤቨረት አመነታ። የሳንቲም ነጋዴ ከኤግዚቢሽን ሲመለስ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ከቆመም ሻንጣው ከእጁ አይወጣም። ጎማ ደግሞ በአንድ እጅ አይቀየርም።

«ሊኦ፣ ሻንጣው ላይ ዓይንሽን ጣይልኝ።»

ሊኦ።

ሎይድም አንዴ ሊኦ ብሏት ነበር። «እንዳትደግመው፣ የድመት ስም ነው የሚመስለው» ብላ ጮኸችበት። አሁን ግን ፈገግ ብላ «እሺ» አለች። ብርዱ ጠንቶባት እጇን ስታፋትግ ኤቨረት ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። ሎይድ ቡሎን እየፈታ አያቸው። ቅናት አንገበገበው። እሷ ሥራዋ ላይ መሆኗን ያውቃል። ማወቁ ምንም አልጠቀመውም።

«ሚስት አለችህ?» አለው ኤቨረት፣ ለጨዋታ ያህል።

«ነበረችኝ።»

«እኔ የእኔዋ ከሞተች ወዲህ ልቤን የወሰደ ሰው አልነበረም። አሁን ግን፣ እንጃ!» ዓይኑ ሊኦና ላይ ነበር።

ቡሎኑ ከሎይድ እጅ አምልጦ ተንከባለለ። ኤቨረት ሊያነሳለት ጎንበስ አለ። ሊኦና ቢሮው እንዳዘዛት ፊቷን አዞረች።

ጋርላንድ በወዲያኛው በር ገባ።

ሻንጣውን ይዞ ለመውጣት ስምንት ሰከንድ ፈጀበት።

ሎይድና ጋርላንድ ዴይተን ተመልሰው ሞቴል ያዙ። ጋርላንድ ሻንጣውን አልጋው ላይ ዘረገፈው። ከሁሉም መርጦ አንዲት ትንሽ የወረቀት ፖስታ ለሎይድ ወረወረለት።

«የአጎት ድርሻ ናት። ነገ አምስት ሰዓት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሂድ። ሦስተኛው ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ጣልና ውጣ።»

«ይቺን ብቻ?»

«ሌላ ምንም አልፈልግም አለ። እብድ እኮ ነው።»

ፖስታው ውስጥ በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታ፣ ቤት የሚገዛ የብር ዶላር ነበር። ኤቨረት ሳንቲሞቹን እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች በፕላስቲክ ማሸግ አይወድም። ቅዳሜ ዕለት ጋርላንድ ሎይድን ለቅኝት ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ልኮት ዶላሩን መስታወት ሥር አይቶታል። ሊኦና ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ነበር። በቀጣዩ ጠረጴዛ ኦርቪል የሚባል ሽማግሌ ነጋዴ ሳንዱዊቹን መጉረስ ረስቶ ወደዚያው አፍጥጧል። ነጋዴዎች ምሳ ሲወጡ ጠረጴዛቸውን ለጎረቤት አደራ ይላሉ፤ የኤቨረትን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀለት ኦርቪል ነው። ሎይድ ያኔ «አንተም ሽማግሌው ከጀልካት?» ብሎ በሆዱ አሾፈበት።

የሞቴሉ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ደወለ።

«ስንዴ።»

«እየሰማሁ ነው።»

«ነገ አምስት ሰዓት። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ።»

«ሰው ካስቀመጥን ይሸተዋል። ሁለት ጊዜ አምልጦናል።»

«አጎት አጠገብሽ ነው ያለው።»

«ኤቨረት አይደለም። እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነው ያመሸው።»

«እያስመሰለ ነው።»

«ሎይድ፣ ቀንተሃል።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ዘጋችበት።

ዶላሩን ጠርዙን ይዞ አወጣው። አያያዙን ያስተማረችው እሷ ናት። ለዚህ ሥራ ስትዘጋጅ ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብላ የተማረችውን ትነግረው ነበር። የጥንት ሳንቲም አይታጠብም፣ አይወለወልም። ያ ግራጫ ቆዳው ከተላጠ ዋጋውም ክብሩም አበቃ።

ሎይድ ብሩሹ ላይ የጥርስ ሳሙና አደረገ።

ለሥራ ነው አለ ለራሱ። አጎት የፈለገው ይቺን ብቻ ነው፤ ከተበላሸችበት ተደብቆ መቀመጥ አይችልም፣ ይወጣል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ሐሳቡ የመጣለት ማሸት ከጀመረ በኋላ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ግራጫ ከአረፋው ጋር ወረደ። ዶላሩ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ።

ሰኞ አምስት ሰዓት ማድረቂያው ውስጥ ጣለው። ወጣ። መኪናው ውስጥ ጠበቀ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጋርላንድ በሩን በርግዶ ገባ።

«ሳንቲሙን ምን አደረግኸው?»

«አጸዳሁላችሁ። ጠቁሮ ነበር እኮ!»

«አጸዳሁላችሁ! አንተ ደደብ!» ጋርላንድ ሳይወድ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ሰውየው በስልክ እሪ ነው ያለብኝ። ያጠባትን ሰው አምጣልኝ፣ ፊቱን ማየት አለብኝ አለ። ንዳ።»

ኤግዚቢሽኑ የተካሄደበት አዳራሽ ጀርባ ጭር ብሏል። ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ አንድ ሽማግሌ ብቅ አለ። ዶላሩን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞታል። ዓይኑ ቀልቷል።

ኦርቪል።

ሎይድ ክው አለ። ኤቨረት አልነበረም። ኤቨረት ሆኖም አያውቅም።

«አንተ ነህ?» አለ ኦርቪል። «ማን እጠባት አለህ?»

ከዚያ ዓይኑን አጠበበ።

«ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ነበር። አንድም ሳንቲም አላየም። የኤቨረትን ረዳት ብቻ ሲያይ ነው የዋለው።» ወደ ጋርላንድ ዞረ። «ይተዋወቃሉ። ፖሊሶች ናቸው!»

ጋርላንድ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

የሽጉጥ አፈ ሙዝ ሎይድ ጆሮ ሥር አረፈ።

አምስት ወር ያጠናቸው ውሸቶች ነበሩት። አንዱም አልመጣለትም። የመጣለት እውነቱ ነው።

«ሚስቴ ነበረች፣» አለ። «ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ከዚያ ሰውዬ ጋር ስትስቅ አየኋት። ጃኬቱን ሲደርብላት አየሁ። ሊኦ አላት፣ እሺ አለችው! እኔ ስላት ጠልታው ነበር። ሳንቲሟን ይወዳታል። እንዳትኖረው ብዬ አጠብኳት። በቃ። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።»

ድምፁ ተሰበረ። ይህን ማንም አያስመስለውም።

ኦርቪል ትክ ብሎ አየው። ሎይድ ያን አስተያየት አወቀው። ሽማግሌው ቅዳሜ ያፈጠጠው ሊኦና ላይ አልነበረም፤ ዶላሩ ላይ ነበር።

«ተወው፣» አለ ኦርቪል ቀስ ብሎ። «እውነቱን ነው። ይቺን ዶላር ጨረታ ላይ ከእጄ የነጠቀኝ ኤቨረት ነው። ከዚያ ምሳ በሄደ ቁጥር ጠብቅልኝ ይለኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመስታወት አየኋት! የሌሎቹን ነጋዴዎች መንገድ ለአንተ የነገርኩህ ለእሷ ስል ነው።» ወደ ሎይድ ዞረ። «አንተ እሱን አሳጣለሁ ብለህ እኔን አሳጣኸኝ።»

የጋርላንድ ክንድ ላላ።

ጎማዎች አስፋልቱ ላይ ጮኹ። የቢሮው ሦስት መኪና። «መሬት ላይ ተኙ! ሽጉጡን ጣል!»

ጋርላንድ ጣለ። ካቴና ሲገባለት አንገቱን አዙሮ ሎይድን አየው።

«ዴል?» አለ። «አንተ ዴል?»

ሊኦና ከሁለተኛው መኪና ወረደች። ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የኤቨረት ጃኬት አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው።

«ምን ዓይነት ትወና ነው!» አለ የቢሮው አለቃ፣ የሎይድን ጀርባ መታ መታ እያደረገ።

ሊኦና አልሳቀችም። ሎይድ ሲዋሽ ታውቃለች። ሳይዋሽም ታውቃለች። ዶላሩን ከኦርቪል ላይ ጠርዙን ይዛ ተቀበለችና ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ኤቨረት ማን አጠባት ብሎ ይጠይቀኛል፣» አለች።

«ሌባው በይው።»

«እሱን ነው የምለው፣» አለች። ጃኬቱን ወደ ራሷ ሰብስባ ወደ መኪናው ተመለሰች።

በሳምንቱ ሎይድ ወደ ነብራስካ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነበር። ኪሱ ውስጥ ቢሮው በሌላ ስም ያወጣለት አዲስ መታወቂያ አለ። ከመታወቂያው ጋር የሪፖርቱንም ቅጂ ልኮለታል። ኦርቪል አምኗል። ጋርላንድ ታስሯል። የሻንጣው ዕቃ ለኤቨረት ተመልሷል፣ ከአንዱ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ነበር።

«ሳንቲሙን ያበላሸው፦ ዴል የተባለ ሹፌር። ያለበት አይታወቅም።»

ሥሩ የፈረመችው ሊኦና ናት።

ሎይድ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አዲሱን ስሙን ሁለት ጊዜ በሹክሹክታ ተለማመደና ማንም በማያውቀው ፌርማታ ወረደ።