መግሪብን የጠበቀው ማዕድ

ሀጀራና በላይነህ የተዋወቁት ሳይተያዩ ነው። ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ወደ ሶባ የምትሄደው ሃፍላ የሚሏት ሚኒባስ ገና መንገድ ላይ እያለች ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ደረሰባትና በጠራራ ቀትር ቀኑ ጨለመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቶቹን ዘጋ። በሚኒባሷ ውስጥ ሰው የገዛ እጁን አያይም ነበር። ሀጀራ እንዲህ ያለ ቀይ ጨለማ አይታ አታውቅምና በአማርኛ ዱዓዋን ታንበለብለው ጀመር።

«አብሽሪ እህቴ፣ አሁን ያልፋል» አላት ከጎኗ አንድ ድምፅ።

በባዕድ አገር፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ የወሎ ሰው አፍ!

«ከየት ነህ?»

«ከውጫሌ። አንቺስ?»

«ከሐርቡ።»

አቧራው እስኪያልፍ አወሩ። መልኩን ሳታይ ድምፁን ወደደችው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲያ መልኩ ምንም ቢሆን ግድ አልነበራትም። ብርሃን ሲመለስ ሽፋሽፍቱን ሲሚንቶ ያነጣው ቀጭን ወጣት አየች። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አስሯል። እሱ ደግሞ ሂጃቧን አየ።

«እኔ እኮ አብሽሪ ስትለኝ ይማም ምናምን የምትባል መስሎኝ ነበር» አለችው።

«በላይነህ ነው ስሜ። ቅር አለሽ?»

«እናያለን፣ ኢንሻላህ።»

አዩት። እሷ ካርቱም ሁለት መዳም ኒዕማ ቤት ትሠራለች፤ አርብ አርብ ትወጣለች። እሱ ሶባ ግንባታ ላይ ጡብ ይሸከማል። አርብ ሲመጣ አንድ ጥላ ፈልገው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝምታው አይከብዳቸውም ነበር። ከወራት በኋላ በላይነህ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር ወደሚኖርበት ወደ አክስቱ ግቢ ወሰዳት።

አክስቱ እትዬ እጅጋየሁ በሩን ከፍታ ስታያት እጇን መዝጊያው ላይ እንዳደረገች ቀረች። ከዚያ ቀረብ አለችና ትከሻዋን በመዳፏ ለካች።

«ልክ ነው» አለች በቀስታ።

ምኑ ልክ እንደሆነ ለሀጀራ የነገራት በላይነህ ነው። አክስቱ አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ስንዱ የምትባል፤ ካርቱም በመጡ በዓመታቸው ወባ ወሰዳት። ቁመቷ የሀጀራ ቁመት ነበር።

በግቢው ያሉት ክፍሎች ሁሉ የአንድ ጽዋ ማኅበር ሰዎች ናቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድም ክፉ ሰው የለባቸውም። ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም አላስገደዳትም። ገና በሩን ስታልፍ ውሃ ያቀርቡላታል፤ ጫማዋን አውልቀው እግሯን ሊያጥቧት ይታገላሉ። ብቻ ወሬው የትም ጀምሮ ወደ አንድ ቦታ ያመራል፤ መቼ ትጠመቂያለሽ? እትዬ እጅጋየሁ ክርስትና እናት ልትሆናት ቆርጣለች። «በላይነህን ከወደድሽ አምላኩን ለምን ትፈሪዋለሽ?» ይሏታል እየሳቁ። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ?

አንድ አርብ፣ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሴት «ስንዱ፣ እስቲ ያንን አቀብይኝ» አለቻት። ተሳስታ መስሏት አቀበለቻት። በሳምንቱ ሌላዋም እንዲሁ ጠራቻት። ቀስ በቀስ ሁሉም ስንዱ አሏት፤ ልጆቹ ጭምር። ማንም አልተነጋገረም፣ ማንም አላፈረም። እትዬ እጅጋየሁ ከሳጥን ውስጥ ቀሚስና ነጠላ አውጥታ አለበሰቻት። ልብሱ የተሰፋላት ያህል ልኳ ነበር። ናፍታሌን ናፍታሌን ይሸታል።

በዚያው ልብስ ስኳር ልትገዛ ከመንገድ ማዶ ወዳለው ሱቅ ወጣች። ባለሱቁ ሂሻም ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ በራ።

«ስንዱ! ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ጠፍተሽ ነው?»

መሞቷን የነገረው የለም። ሀጀራ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ከሂሻም ኋላ ባለው የማቀዝቀዣ መስተዋት ውስጥ ነጠላ ያጣፋች ልጅ አፏን ከፍታ ታያታለች፤ ለቅጽበት ማን እንደሆነች አላወቀቻትም። ስኳሩን ሳትገዛ ወጣች።

«ፈራሁ፣ በላይነህ» አለችው የዚያን ቀን። «ሰዎቹ የሚጠብቁት እኔን አይደለም። ሌላ ሰው ነው የሚጠብቁት።»

«ይወዱሻል እኮ።»

«የፈራሁትስ እሱን አይደል? አንተስ? ብጠመቅ ደስ ይልሃል?»



«ነገሩ ይቀል ነበር» አላት።

«ለማን?»

ያን ቀን ተኳርፈው ተለያዩ።

የማኅበሩ ቄስ ግን እውነተኛ ሰው ነበሩ። እትዬ እጅጋየሁ ብትለምናቸው «ከራሷ አፍ፣ በፈቃዷ ካልሰማሁ አላጠምቅም» ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ በግቢው ስለ ጥምቀት የሚያነሣ ጠፋ። ሀጀራ እፎይ አለች። የዋህ!

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ስለነበር፣ ኩርፊያው በርዶ ሁለቱም አብረው ይጾሙ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ እሷ ገና አልፈታችም። «ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ ከእኛ ጋር አፍጥሪ» ብላ እትዬ እጅጋየሁ አስጠራቻት።

ወሎ ውስጥ ቢሆን ሀጀራ ሥጋውን ማን አረደው ብላ ሳትጠይቅ እጇን አትሰድም። እዚያ እስላምና ክርስቲያን ይዋለዳል፣ ይጋባል፣ አብሮ ያለቅሳል፤ ዕርድ ግን ለየብቻ ነው። የሌላውን ዕርድ የበላ ሃይማኖቱን እንደለወጠ ተቆጥሮ የገዛ ቤተሰቡ ማዕድ ይለይበታል። ካርቱም ግን የሥጋ ቤቱ ሁሉ ባለቤት ሙስሊም ነው። በዚያ ግቢ ስትበላ የኖረችውም ከበሽር ሥጋ ቤት የመጣውን ነበር። መጠየቁን ከረሳችው ቆይቷል።

ስትገባ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ማኅበርተኛው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ወጡ መሃል ላይ ቀርቧል፤ የሚበላ ሰው ግን የለም። ልጆቹ እንኳ እጃቸውን አልሰደዱም። ጾማቸውን ከፈቱ ቀኑን ሙሉ የሆናቸው ሰዎች መግሪብን ከእሷ በላይ ይጠባበቃሉ። እትዬ እጅጋየሁ ያንኑ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። በላይነህ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ጨብጧል፤ ቀና ብሎ አላያትም።

አዛኑ ተሰማ። ሀጀራ ወደ ቴምሩ እጇን ስትዘረጋ የእትዬ እጅጋየሁ ጉርሻ ቀድሞ አፏ ደጃፍ ደረሰ። በቤቱ ያለው ዓይን ሁሉ ከንፈሯ ላይ ነበር።

«አትብዪ!» በላይነህ ብድግ አለ። «በጉን ያረድኩት እኔ ነኝ፣ ሀጀራ። በስመ አብ ብዬ ያረድኩት እኔ ነኝ።»



«እትዬ፣ አውቀው ነው?» አለች ሀጀራ።

አሮጊቷ ጉርሻውን እንደያዘች እንባዋ ወረደ። «አንዴ ከቀመስሽ ዘመዶችሽ አይቀበሉሽም። ቄሱ ዘንድ በራስሽ እግር ትሄጃለሽ። ከዚያ ወዴት ትሄጂብኛለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ!»

ሀጀራ አዘነችላት፤ ከልቧ አዘነችላት። ነጠላውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላትና ወጣች። በላይነህ ተከተላት፤ ወደዚያ ቤት እንደማይመለስ ሁሉም አውቋል።

መንገዱን ሲያጋምሱ ከበሩ ላይ ጩኸት ተሰማ። «ስንዱ! ስንዱዬ!» የሀጀራ እግር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊዞር ነበር። ከሁሉም ያስፈራት ይሄ ነው። ጥርሷን ነክሳ ተራመደች።

ከመታጠፊያው ላይ የሰፈሩ ሰዎች ምንጣፍ ዘርግተው ያፈጥራሉ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መንገድ ዘጉባቸው፤ «ያላ፣ ያላ» እያሉ ለሁለቱም ቴምርና ውሃ ሰጧቸው። ማን ናችሁ አላሏቸውም። ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

«መቼ አወቅህ?»

«ጠዋት። እትዬ ለአንቺ ከበሽር ሥጋ ገዝቻለሁ ብላኝ ነበር። ኋላ ድስቱ አንድ ብቻ መሆኑን አየሁ።»

«ጠዋት? እስካሁን ዝም አልክ?»

«ዝም ካልክ ነገ ትጋባላችሁ አለችኝ።» ቴምሩን ሳይበላ ጨብጦታል። «በጣም ነው የምወድሽ፣ ሀጀራ።»

«ጉርሻው ቀድሞህ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

ቢምልላት ኖሮ ተነሥታ ትሄድ ነበር።

«አላውቅም» አለ በላይነህ።

ሀጀራ አየችው። እዚያ ግቢ ሁሉም ስለ እሷ ያውቅ ነበር፤ ማን እንደምትሆን፣ ምን ተብላ እንደምትጠራ። አላውቅም ያላት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ቴምሯን አላምጣ ጨረሰች፤ ውሃውን ጠጣች።

«ውጫሌ እንሂድ» አለ በላይነህ እየፈራ። «እናቴ ቤት ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ ሙስሊም አራጅ ይጠራል።»

«እንግዳ ሆኜ አልመጣም» አለችው። «ሚስትህ ሆኜ ነው የምመጣው። አራጁን በየበዓሉ አንተ ትጠራለህ።»