ቀይ የተቀቡት ሃያ ጥይቶች

ድቡ የቶርቫልድ ኬስለርን ፊት ስለወሰደው ሬሳውን የለዩት በቀበቶው ነው። ጠመንጃው አጠገቡ በረዶው ላይ ወድቋል። ጠመንጃው የጎረሳት ጥይት ስሯን በቃታው መርፌ ተመትታለች፤ ግን አልፈነዳችም።

መርማሪ ቬርና ሉንድ በሦስተኛው ቀን ኬስለሮች ቤት ስትደርስ ሟቹ ተገንዞ፣ ገዳዩም ተፈርዶበት አገኘችው። ፈራጇ መበለቲቱ ኢንግሪድ ናት፤ የተፈረደባትም የገዛ ልጇ ሄዲ።

«ጥይቱን የሞላችው እሷ ናት» አለች ኢንግሪድ፣ ልጇ እዚያው ቆማ እየሰማች። «አባቷን ለድብ ሰጠችው። ቀብሩ ላይ እንዳላያት ብያታለሁ።»

ቬርና ለመበለቲቱ ልታዝንላት ሞክራ አቃታት። ሄዲን ይዛ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገባች።

«የትኛዋን መለኮሻ መረጥሽ?»

መለኮሻ የምትባለው ከቀለሁ ስር የምትቀመጥ፣ ምስር የምታክል ነገር ናት። መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታነሳው እሷ ናት። ቬርና አባቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጥይት ሲሞላ እያየች ስላደገች ይህን የሚያስረዳት አያስፈልጋትም።

«ኃይለኛዋን ነዋ» አለች ሄዲ። «ባሩዳችን ሰነፍ ነው፤ በዚህ ብርድ በተራዋ አይነሳም። እንዳይምታታብኝ ኃይለኛዋን ዙሪያዋን ቀይ የጥፍር ቀለም እቀባታለሁ። አርባ ሞላሁ። ሃያ ለአባዬ፣ ሃያ ለባሌ። አሁን ፖሊሶቹ ሲፈታቱት ግማሹ ተራዋ ናት አሉ፤ ያውም ቀይ ተቀብታ። እጄ ነው እንግዲህ። ሌላ ማን ይሆናል?»

«ሁለቱን ዓይነት ባንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጫለሽ?»

«አባዬ እጄን ይሰብረው ነበር። አንዱ ፓኮ ካልገባ ሌላው አይወጣም።»

አደኑ ላይ ከሟቹ ጋር የነበረው ባሏ አርሎ ደጅ ቆሞ ሲያጨስ ነበር። በመጪው ግንቦት ሄዲን ይዞ ወደ ሲያትል ሊሄድ ያሰበ፣ አማቱ ቶርቫልድ ግን ያልተስማማበት ሰው ነው።

«ድቡን መጀመሪያ ማን አቆሰለው?» አለችው ቬርና።

«አማቴ። ሆዱን መታው። እንደሱ ያለ ተኳሽ ሆድ ሲመታ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ‹ጥሻው ውስጥ ግባና ጨርሰው፣ ከኋላህ ነኝ› አለኝ። ድቡ ግን በጎን ዞሮ ከኋላ መጣበት። ቃታውን ሲስብ ጥይቷ ቀጭ ብላ ቀረች።»

«ከዚያስ?»

«ጠመንጃውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ዕቃውን የሰረቅኩት ይመስል። እኔ ስተኩስ ጠመንጃዬ ተኮሰልኝ፣ ግን ዘግይቼ ነበር።»

ሳይጠየቅ የቀረው የአደን ሰፈሩ ወጥ ሠሪ፣ ሽማግሌው ሳይላስ ነው።

«እኔ ጥይት አልነካም፣ ልጄ» አላት። «ያው እንደ ወትሮው በቆቡ ከማከፋፈሌ በቀር።»

«በምን ቆብ?»

«የቶርቫልድ ሕግ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጠመንጃ ከያዘ፣ ጥይቱ ሁሉ ሱፍ ቆብ ውስጥ ተደባልቆ እኩል ይካፈላል። ማንም ከጓደኛው የተሻለ አይዝም። ዘንድሮ ረሳው መሰለኝ፤ እንጨት ሊፈልጥ ሲወጣ እኔው አደረግኩለት።»

«ነገርከው?»

«ሠላሳ ዓመት ያደረግነውን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

ቬርና ከሟቹ ኪስ በወጣው ቁልፍ የግል ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ታች ጥግ ላይ ዘይት የሞላበት ጠርሙስ ተቀምጧል። ዘይቱን በጨርቅ አጥልላ የቀረውን ቆጠረች፤ ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከቶርቫልድ ጥይቶች ዘጠኙ፣ ከአርሎ አሥራ አንዱ ደካማ ነበሩ» ብላ ጀመረች። «ሲያዩት እጅ የሳተው ይመስላል። ሲደመር ግን ልክ ሃያ ነው። ስህተት እንዲህ ልክ አይመጣም። ሃያ የአንድ ሰው ፓኮ ነው። አንድ ሰው አንዱን ፓኮ ለይቶ አበላሸ፤ ሳይላስ ደግሞ ሳያውቅ በቆቡ ለሁለት በተነው።»

«የማንን ፓኮ?» አለ አርሎ።

«ጥይቶቹን የፈታው ሰው የሄዲን ኃይለኛ መለኮሻዎች አውጥቶ ተራዋን ተካ፣ በራሷ ቀለም ቀባ። ያወጣቸውን ግን ቆሻሻ ውስጥ መጣል አልቻለም። ያልተኮሰ መለኮሻ እንዳይፈነዳ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ጥይት የሚሞላ ሰው እጁ ሌላ አያውቅም። ሃያዎቹም እዚህ አሉ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንድ ነው፣ እሱም ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰው የራሱን ጥይት አያበላሽም፣ አርሎ፤ የተበላሸው ያንተ ፓኮ ነው። ድቡን ሆዱ ላይ የመታው አንተን በማይተኩስ ጥይት ጥሻ ሊያስገባህ ነው።»

ሳይላስ እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«እንግዲያው የገደልኩት እኔ ነኛ» አለ።

«የገደለው የራሱ ሕግ ነው» አለች ቬርና። ወደ ኢንግሪድ ዞረች። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ቆልፎ ሲሠራ ሰምቻለሁ። አልጠየቅኩትም።»

ሄዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አባቴን የገደልኩ መስሎኝ ሦስት ቀን ሳልተኛ ዝም አልሽኝ?»

«እሱ ሞተ፣ ባልሽ ተረፈ» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «በግንቦት ትሄጃለሽ። ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ብታምኚ ግን ጥለሽኝ አትሄጂም ነበር።»

ቬርና በሥራዋ ብዙ ክፉ ነገር ሰምታለች። ይህኛው አንገሸገሻት፤ ኢንግሪድን የምታስርበት ሕግ ደግሞ አልነበራትም።

ሄዲ የባሏን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችው፤ የራሷን ለበሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቀብሩ ላይ እንዳላይሽ ብለሽኝ አልነበር?» አለች። «አታዪኝም።»