የሣር አማካሪው

«የተከበራችሁ የዘጠነኛ ‹ለ› ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ የተሰበሩ ዴስኮች! ክፍላችን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሣር አማካሪ ማፍራቱን ስገልጽ ታላቅ ኩራት ይሰማኛል። ክቡር አማካሪ ደሳለው ሞላ፣ እባክዎ ይነሡ!»

መክሊት ወንበር ላይ ቆማለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ደሳለው ግን አልተነሣም፤ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አፍንጫው ስቦ ተደበቀ። ለእሷ ብቻ ነበር የነገራት፣ ያውም በምስጢር። ምስጢሩ እስከ ዕረፍት ደወል እንኳ አልቆየም።

«ጀለሴ፣ ስለ ሣር ግን ምን ታውቃለህ?» አለችው ከወንበሩ ወርዳ።

«አረንጓዴ እንደሆነ።»

«አቦ፣ በቃ ብቁ ነህ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ አንዷለም የጋፋት ኮከብ ክለብ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነው። ሊጉ ዘንድሮ የደመወዝ ጣሪያ አውጥቷል፤ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በድምሩ ከተወሰነው በላይ መክፈል አይችልም። ጋፋት ኮከብ ደግሞ ክረምቱን ስመ ጥር አጥቂ አስፈርሞ ጣሪያውን በአናቱ ነክቶታል። ለአንዷለም የተረፈው የአምናው ደመወዙ ግማሽ ነው።

ሌላው ግማሽስ? የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጄ መላ አላጡም። ጣሪያው የሚቆጥረው የተጫዋች ደመወዝ እንጂ የሣር አማካሪ ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ የቀረው ግማሽ በደሳለው ስም ይወጣና ወንድሙ ኪስ ይገባል። ሰኞ ሁለቱም ይፈርማሉ። አማካሪው ሜዳ መሄድ የለበትም፤ እንዲያውም ባይሄድ ይመረጣል። ለፊርማው ወንድሙ አዲስ ታኬታ ሊገዛለት ቃል ገብቷል።

ቅዳሜ አንዷለም «ድካም ላውጣ» ብሎ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ፤ ደሳለውንም ይዞት ሄደ። ከውኃው ሲወጣ ግን ድንጋይ ተደግፎ ቀረ። ቀኝ ጉልበቱ እንደ ተቦካ ሊጥ አብጧል።

«አንዷለም! ጉልበትህ!»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል። ዘንድሮን ያደርሰኛል።»

«ሐኪም ይየዋ!»

«የክለቡ ሐኪም ካየው ደረጄ ግማሹን አይደለም ሰላምታውንም ይከለክለኛል። ለማንም እንዳትናገር። ማል።»

«ማርያምን!» አለ ደሳለው። ይኼ እንደ ሣሩ አይደለም፤ ለመክሊት አይነገርም።

እሑድ ኳሱን ሊያስነፋ ጋሽ ይርጋ ጎሚስታ ቤት ሄደ። ጋሽ ይርጋ የድሮ ተከላካይ ናቸው። አሁን ጎማ ይለጥፋሉ፤ ሲራመዱም ግራ እግራቸውን እንደ ሰነፍ በሬ ከኋላ ይጎትቱታል። የመክሊት አዋጅ እዚህም ደርሷል።

«አማካሪ! ደጄ ላይ ሣር በቅሎብኛል፤ ልጨደው ወይስ ልጋጠው?»

ደሳለው አንገቱን ደፋ።

«አትፈር፣ እኔም ዘመድ ነበረኝ» አሉ ኳሱን እየነፉ። «ያኔ ጣሪያ የሚባል አልነበረም፤ ከግብር ለማምለጥ ነው። ግማሽ ደመወዜ በአጎቴ ልጅ ስም ይወጣ ነበር። የክለቡ ሹፌር ነው ተባለ። መንዳቱ ቀርቶ መኪና ላይ ሲቀመጥ ያስመልሰዋል!»

ሳቁ። ደሳለውም ሳቀ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እግሬ ተሰበረ። ክለቡም ካሳ ከፈለኝ፤ በወረቀቱ ልክ። ወረቀቱ ላይ እኔ ግማሽ ሰው ነኝ። ሌላው ግማሽ ሹፌሩ ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ እግሩ አልተሰበረም።» ኳሱን ወረወሩለት። «ይኼን አገር ያውቀዋል። ወንድምህን ሰላም በልልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ጉም ከጉና ተራራ ወርዶ የክለቡን ቢሮ መስኮት ሸፍኖታል። አቶ ደረጄ ሁለቱን ውሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«እነሆ አማካሪያችን! በል አንተ ቅደም፤ ያለ አንተ የእሱ ግማሽ ነው።»

አንዷለም እስክሪብቶ አቀበለው። ደሳለው ስሙን አየ፣ ከስሙ ሥር ያለውን ማዕረግ አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«አልፈርምም።»

«ደመወዙ አነሰ?» አቶ ደረጄ ሳቁ። «ወይስ ሣሩ በዛብህ?»

«ሙሉው በወንድሜ ስም ይጻፍ።»

ሳቁ ቆመ። «ሙሉውን ከጻፍኩ ጣሪያውን ያልፋል፤ ሌላ ተጫዋች መሸጥ አለብኝ። ካልሆነም ወንድምህን መሸኘት ነው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ደሳለው!» አንዷለም ፊቱ ቀላ። «ምን ሆነሃል አንተ? ስንት ቀን የተነጋገርንበትን!» ቀኝ እጁ ሳያስበው ከጠረጴዛው ሥር ወርዶ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ደሳለው አየው። አቶ ደረጄ ዓይኑን ተከትለው እንዳያዩ ቶሎ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ጋሽ ይርጋ ሰላም ብለውሃል» አለ፣ ጉሙን እያየ።

አንዷለም ጉልበቱን ማሸቱን አቆመ። አቶ ደረጄ ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው፤ ጋሽ ይርጋን የሚያውቋቸው የመኪናቸውን ጎማ ሲያስነፉ ብቻ ነው። አንዷለም ግን የራሱን ውል አንሥቶ እንደ አዲስ አነበበው። ሲጨርስ አጠፈና በቀስታ ወደ አቶ ደረጄ ገፋው።

«አንተም?» አቶ ደረጄ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። ቢጨንቃቸው ወደ ታናሹ ዞሩ። «ለወንድምህ ስል ሌላ ተጫዋች ልሸጥ ነው እኮ! ቢያንስ ምክንያቱን ንገረኝ፣ የኔ ልጅ። ለምን?»

ደሳለው የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበ።

«አልናገርም።»