ስድስት ሰዓት በኩባ

«ታዲያ ወደ ተረፈ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

ገነቴ ልጇን ጵርስቅላን ይህን ስትጠይቃት አራተኛ ጊዜዋ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ አውሎ ነፋሱ ገና ባሕር ላይ ነው። ወንድሟ ተረፈ የሚማርበት የኩባ ደሴት ደግሞ ከፊቱ ነው።

«እንሰት ይጥላል?»

«ከነሥሩ ይነቅላል ብለዋል ቲቸር።»

ገነቴ በሀድይኛ አንድ ነገር አጉተምትማ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እዚያ አምስት ሴቶች ተንበርክከዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ ጸሎቱ በየቤቱ ነው፤ ድምፅ ዝቅ አድርጎ። አባታቸው ኦጋዴን ጦርነት ላይ ሲሞት ተረፈን እንደ እሱ አባታቸውን ካጡ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ላኩት። ይኸው አምስት ዓመቱ። የነፋሱ ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ገነቴ እህል አልቀመሰችም።

ወሬውን ያመጣው የጂኦግራፊ መምህሩ ሀብቴ ነው። ኩባ ተምሮ ሆሳዕና ከተመለሰ ሁለት ዓመት ቢሆነውም፣ ዛሬም ወንበር ላይ አይረጋም። ጥያቄ ሲጠይቁት «አላውቅም፣ እስቲ እንየው» ማለት ይወዳል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በተከራያት ክፍል፣ በአብዮት በዓል ፖስተር ጀርባ ላይ የዚያን ባሕር ካርታ ስሏል። የኩባ ራዲዮ ነፋሱ የደረሰበትን ቦታ በተናገረ ቁጥር አንድ የቦሎቄ ፍሬ ካርታው ላይ ይቀመጣል። ከጎኑ የኩባ ሰዓት ይጻፋል፤ ተማሪዎቹ እንዳይምታታባቸው ግን በእኛ አቆጣጠር ተለውጦ። በሁለት ፍሬዎች መካከል ያለው ርቀት ለሰዓቱ ሲካፈል የነፋሱ ፍጥነት ይታወቃል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ለቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። «ቁጥሮቹን በስፓኒሽ አስተምሬሻለሁ፤ አዳምጪና ጻፊ» ብሎ ራዲዮኑን ለጵርስቅላ ትቶላት ሄደ። የክፍል ጓደኛዋ ዋለ የአንቴናውን ሽቦ ከፍ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጓድ የነፋስ ኮሚሽነር፣ እጄ ዛለ እኮ!»

«ዝም በል፣ እየተናገረ ነው!»

በፉጨቱና በጩኸቱ መሃል የነፋሱን ቦታ የሚያሳዩትን ዲግሪዎች ለቀመች። ሰዓቱንም ሰማች፤ «ሴይስ» አለ፣ ስድስት። ቀጥሎ ያለውን ቃል ጩኸቱ ዋጠው። «ቀን 6 ሰዓት» ብላ ጻፈች። ያለፈው ፍሬ የሌሊት ስድስት ሰዓት ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ብቻ? ሁለቴ አካፈለችው።

«ዋለ! ፍጥነቱ በግማሽ ቀንሷል! እስከ ማክሰኞ አይደርስም!»

«ደክሞታላ» አለ ዋለ፣ «እንደ እኔ እጅ።»

ጵርስቅላ እየሮጠች ቤቷ ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት። «እስከዚያ ልጆቹን በመርከብ ያወጧቸዋል» አለችም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ከራሷ ጨመረችው። ሴቶቹ እያመሰገኑ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ገነቴም እጇን ታጥባ ቆጮ ልታቀርብ ተነሳች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መምህሩ ሲመለስ ጵርስቅላና ዋለ ካርታው አጠገብ ይጠብቁት ነበር። ቆሞ አየው፤ አሁንም አየው።

«ይህን ስድስት ሰዓት ከየት አመጣሽው?»

«ራዲዮኑ ነዋ ያለው፣ ቲቸር። ሴይስ።»

«አሁን ኩባ ምን ጊዜ ነው?»

በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። እዚያ ገና ረፋድ ነው። የዛሬው ቀትር ኩባ አልደረሰም! ራዲዮኑ ያለው የፈረንጅ ስድስት ሰዓት ነበር፤ በእኛ ንጋት አሥራ ሁለት። ያለፈው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ነፋሱ ጨርሶ አልቀነሰም።

«ስለዚህ ነገ ይደርሳል» አለች። «ልጆቹን ያወጧቸዋል፣ አይደል?»

«አላውቅም» አለ መምህሩ። «እዚያ እያለሁ አንዴ መጣ ሲባል ታጠፈ። ሌላ ጊዜ ታጠፈ ሲባል መጣ።»

ዋለ እስከ በሩ ሸኛት። «ለእናትሽ አትንገሪያት ባክሽ» አለ፣ ለአንዴም ሳይቀልድ። «ብትነግሪያት ነፋሱ አይቆምም። እሷ ግን ጦሟን ታድራለች።»

መንገዱ ላይ አንድም የእንሰት ቅጠል አይወዛወዝም። ቤት ስትደርስ እናቷ ሳትበላ ጠብቃታለች። «ነይ፣ አብረን እንብላ» አለቻት ፈገግ ብላ።

ጵርስቅላ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ነፋሱ ነገ ነው የሚደርሰው። የመርከቡንም ያወራሁት ከራሴ ነው።»

ገነቴ የቆረሰችውን መልሳ አኖረችው። ገበታውን በቅጠል ሸፈነች።

«ወደ ተረፈ ይሄዳል?»

«አላውቅም፣ እማዬ።» ጵርስቅላ ነጠላዋን አነሳች። «ሴቶቹን ልጥራቸው።»

ሰኞ ራዲዮኑ ከፉጨት በቀር ድምፅ አልነበረውም። ማክሰኞ ነፋሱ ደሴቱን ነክቶ ወደ ሰሜን ማለፉን ተናገረ፤ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ግን ምንም አላለም። ረቡዕ ጵርስቅላ ከእናቷ ጋር ቴሌ ሄደች። ቴሌግራሙን ራሷ ጻፈችው፦

«ተረፈ፣ ነፋሱ እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ደረሰ? በእናንተ ሰዓት ጻፍልን፤ እኔ እለውጠዋለሁ።»

ሠራተኛው ማኅተም መታበት። የቦሎቄ ፍሬዎቹን እስከ ጥር ድረስ ከካርታው ላይ ያነሳ አልነበረም፤ መልስም አልመጣም።